ከጎንደር የመጣው ጋኔን

ወንድሜ ከእኔ እጅ ሲቀበል አያስቀምስም ነበር። ከዚህ ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነውና። በእኛ አገር ጠላም ይሁን ውሃ ለእንግዳ ሲቀርብ፣ ያቀረበው ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው የሚሰጠው። «መርዝ የለበትም» ማለት ነው፤ በአፍ ሳይባል። እኔ ልቀምስለት መዳፌን ስዘረጋ ወንድሜ ብርጭቆውን ይመነጭቀኝና «ወዲያ! ካንተ እጅ መርዙም ሸጋ ነው» ይለኝ ነበር።

በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ድክ ድክ ስል ነበርና በእንኮኮ ተሸክሞ ያሳደገኝ እሱ ነው። «አንገትህ ያጠረው በእኔ ክብደት ነው» እያልኩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀልጄበታለሁ። እሱ ገበሬ ነው፤ ከዳባት በላይ፣ ብርዱ ሰውን የገዛ ስሙን በሚያስረሳበት ደጋ ላይ ይኖራል። እኔ ጎንደር አራዳ ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ካንዴላ፣ ጎማ፣ ፍሬን ሸራ። ሙያዬ ግን ቀልድ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲሞት ከድንኳኑ ቀድሜ የምጠራው እኔ ነኝ፤ ሟች ራሱ ከሳጥኑ ሆኖ ሳያዳምጠኝ እንዳልቀረ የሚጠረጥሩ አሉ።

ይህ ቀልደኛ ታዲያ አንድ ቀን ከሱቁ ባንኮኒ ሥር ተጣጥፎ ተገኘ። ልቤ እንደ አሮጌ ሞተር ይመታል፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አየር አለቀብኝ። የጊዜው ነገር ነው፤ ከተማው አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ሰው የሱቁን በር ሲከፍትም ሲዘጋም ጆሮው ሌላ ነገር ያዳምጣል። ባጃጅ ላይ ጭነው ሆስፒታል አደረሱኝ። ለመሞት ተዘጋጅቼ፣ ለኑዛዜ የሚሆን ቀልድ ሁሉ መርጬ ሳበቃ፣ ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ፣

«ልብህ ከእኔ ልብ ይሻላል። ጭንቀት ነው» አለኝ።

ተሰደብኩ። ሰው ልቤ ቆመ ብሎ መጥቶ ጭንቀት ነው ይባላል? ለማንኛውም የአሥር ቀን ኪኒን ጻፈልኝ፤ ዲያዜፓም።

መድኃኒት ቤቷ ከሱቄ ሦስተኛው በር ላይ ናት። ባለቤቷ አባቷም አያቷም እዚያው መንገድ ላይ ጨርቅ የነገዱ፣ የጎንደር የድሮ ሙስሊም ነጋዴዎች ልጅ ናት። እንደ ቤተሰቧ ሁሉ ዕቃውን ከመስጠቷ በፊት ስለ ዕቃው ትናገራለች።

«ጋሼ፣ እንቅልፍ የሸጥኩልዎት እንዳይመስልዎ» አለችኝ። «አእምሮዎ ራሱ የሚሠራው የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር አለ። የነርቮቹን በር እያንኳኳ ‹ቀስ በሉ› ይላቸዋል። ይህ ኪኒን እዚያው በር ላይ ይቆምና ድምፁን ያጎላለታል። ብቻውን ምንም አይሠራም።»

«ፍሬን ነው በይኛ።»

«ፍሬኑማ የራስዎ ነው። ኪኒኑ በእርስዎ እግር ላይ ተደርቦ የሚረግጥ ሌላ እግር ነው።»

«እግር ከተገኘ ምነው አሥር ቀን ብቻ?»

«አእምሮ ብልጥ ነዋ! ሌላ እግር እንደተደረበለት ሲያውቅ የራሱን ማንሣት ይጀምራል። ፍሬኑ በተረገጠ ቁጥር እሱ ነዳጅ ይጨምራል። ያኔ ኪኒኑን በድንገት የተዉት እንደሆነ፣ የሚረግጥ እግር የለም፣ ነዳጁ ግን እንደተከፈተ ነው። የጎንደርን ቁልቁለት ደግሞ ያውቁታል።»

ከእኔ የበለጠ የገባው ሰው አልነበረም። ለባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ እንደ ራሴ ግኝት አስረዳኋቸው። አንዱ «ጋሼ፣ ከዶክተርነትህ በፊት ሸራውን ቀይርልኝ» አለኝ። አሥሩ ቀን ግን አንድ ወር ሆነ፤ አንዱ ወር ስምንት። እሷ ያለ ማዘዣ አልሰጥም ስትለኝ፣ ከተማው ዳር ያለ ማዘዣ የሚሸጥ፣ ስሙን ከምጠራው ምላሴን ብነክስ የሚሻለኝ ሰው አገኘሁ። ሚስቴ አታውቅም። በእኛ ዘንድ ይህ የእብድ መድኃኒት ነው፤ የሚሰርቅ ሰው እንኳ ከኪስ ውስጥ ቢያገኘው አፍሮ ይመልሰዋል።

ወንድሜ የመጣው በዚያ መሐል፣ በአንድ የቅዳሜ ገበያ ቀን ነው። ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«ምነው አያ? ማን መታህ?» አልኩት።

«በሬ እጠብቃለሁ። የታችኛው መንደር በሬ ከተነዳ ወዲህ ጆሮዬ በረት ውስጥ ነው የሚውለው የሚያድረው። አካሌ አልጋ ላይ ነው፣ ጆሮዬ ግን እምቢ አለ።»

«ጆሮህን አንድ ቀን ለእኔ አውሰኝ» አልኩና ከኪሴ ካለው ላይ ቆርጬ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት። «ሲመሽ አንድ። ለማንም አትንገር።»

ይህን እንደ ክፋት አላየሁትም። በእኛ ቤት የሐኪም ኪኒን እንደ ቆሎ ነው፤ ለአንዱ የታዘዘ ለዘመዱ ሁሉ ይዘገናል። የእናቴን የደም ግፊት ኪኒን ጎረቤቷ ለራስ ምታት ወስዳዋለች፤ አክስቴ የልጇን የሳል ሽሮፕ ለጉልበቷ ጠጥታዋለች፣ ተሻለኝም ብላለች። ደግሞም ሌላ ነገር ነበረ። ዕድሜ ልኬን ሰጪው እሱ፣ ተቀባዩ እኔ ነበርኩ። ጤፍ ይልካል፣ ቅቤ ይልካል፣ በግ ይልካል። እኔ የባጃጅ ካንዴላ ልላክለት?

በሳምንቱ ሲመለስ ፊቱ ታጥቦ የተሰጣ ጋቢ መስሏል።

«ምንድን ነው ያበላኸኝ? ሸጋ ነገር! እንደ ድንጋይ ወደቅሁ!»

ኩራቴን አትጠይቁኝ። ጎንደርን የቆረቆርኳት እኔ ብሆን ያን ያህል አልኮራም። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው የሚመጣበት ጉዳይ ሽንኩርት መሸጥ፣ የሚሄድበት ጉዳይ ግን በወረቀት የተጠቀለለችው ነገር ሆነች። «ለሚስቴ እንዳትነግር» ይለኛል። «አንተም ለሚስቴ» እለዋለሁ። ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ተማሪ ሲጋራ ተደባብቀን።

በሦስተኛው ወር አንዱን በሬ ነዱበት። ውሻው ጮኋል፣ ጎረቤት ጮኋል፣ ሚስቱ ጎትታዋለች፤ እሱ አልሰማም። «ሌባው ከግርግም ፈትቶ፣ ምናልባት ደህና እደሩ ብሎኝም ወጥቶ ይሆናል» አለኝ። እኔ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። የጠፋበትን በሬ እያሰበ እንቅልፍ ሲያጣ አንዷን ሁለት አደረጋት። ሁለቷ ሳትበቃ ሦስት። አንድ እሑድ ማኅበር ውሎ፣ ጠላ ጠጥቶ ገባና በላዩ ላይ ኪኒኑን ዋጠ። ጠላውና ኪኒኑ የሚያንኳኩት ያንኑ በር ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲረግጡ ልብ ብቻ ሳይሆን ትንፋሽም ቀስ ይላል። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ነው የነቃው። ሚስቱ ደረቱ ላይ እጇን አድርጋ፣ በአንዱ ትንፋሽና በሌላው መካከል አንድ አባታችን ሆይ ደግማ እንደጨረሰች ነግራኛለች። እሷ አታጋንንም፤ የማጋንነው እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ደወለችልኝ።

«ዋርሳዬ፣ ወንድምህ እንቅልፍ አይደለም የያዘው፤ ሌላ ነገር ነው። ቃል ይረሳል። በሬውን ጠምዶ እርሻው መሐል ቆሞ ‹ምን ልሠራ መጣሁ?› ይላል። ደጅ ሲወጣ እንደ ሕፃን ይወላገዳል። ጸበል ልወስደው ነው። ሁለት ሱባዔ፤ አሥራ አራት ቀን።»

ምን እንደያዘው አውቅ ነበር። ቃል መርሳቱም መወላገዱም ከምን እንደሆነ፣ ሚስቴ ያላወቀችው የራሴ ሕመም ስለሆነ አውቀው ነበር። ጸበል የሚገባ ሰው መድኃኒት ይዞ እንደማይገባም አውቅ ነበር፤ ማንም በሕግ አልጻፈውም፣ ሰው ግን ‹ሁለት ልብ አይሆንም› ብሎ ይተወዋል። በድንገት ሲተው የሚሆነውንም፣ ቁልቁለቱንም ነዳጁንም፣ ለስንት ባጃጅ ሾፌር አስረድቻለሁ። ያኔ የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ኪኒን ሰጥቼዋለሁ፣ እንዳይተወው።» ከዚያ በኋላ ግን ‹አንተስ ከየት አመጣኸው?› የሚል ይከተላል። ስለዚህ ልማዴን አደረግሁ።

«ውሰጂው እንጂ!» አልኳት። «ከክርስትናው ወዲህ ውሃ ያልነካው ሰውነት ነው፤ ባይድን እንኳ ይታጠባል!»

ሳቀች። ከልቧ ሳቀች፣ ምስኪን፤ ከሳምንታት በኋላ የሳቀችው የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች።

ወንድሜ የቀረችውን ጥቅል በቤቱ ጣሪያ ሣር ውስጥ ሻጠና ሄደ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት በረከት ነበሩ። ዲያዜፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ሥጋና ስብ ውስጥ ተደብቆ ቀስ እያለ ነው የሚጎድለው። ሲጎድል ጭጋጉ ገፈፈለት፤ ነቃ፣ የልጆቹን ስም ጠራ፣ መንገዱን ቀጥ ብሎ ሄደ። ሚስቱ ደውላ «ጸበሉ ያዘለት!» አለችኝ። እኔም አመንኩ። ማመን ስለሚመቸኝ አመንኩ።

በአምስተኛው ቀን መንቀጥቀጥ ጀመረ። በብርዱ ውስጥ ያልበዋል። የፀሐይ ብርሃን ዓይኑን ይወጋዋል፤ ሰው ሲያስል ይደነግጣል። የተነዳው በሬ ጆሮው ሥር ያገሳል። ዓይኑ ለአፍታ አይከደንም። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ወድቆ ተንፈራገጠ፣ ምላሱን ነከሰ፣ አረፋ ደፈቀ። ሚስቱ እንደገና ደወለች። ድምፅዋ የሠርግ ቤት ድምፅ ነበር።

«እልል በል ዋርሳዬ! ጮኸ! ሊለቀው ነው! ና፣ ወንድምህ ነጻ ሲወጣ እይ!»

ሱቄን ሳልዘጋ ወደ ሦስተኛው በር ሮጥኩ።

«አንድ ሰው ድንገት ቢተወውና ቢያንፈራግጠው…» አልኳት።

«ጋሼ፣ ማነው የተወው?»

«አንድ ሰው ነው አልኩሽ።»

«ያ አንድ ሰው ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልገባ ይሞታል» አለችኝ። «አንዴ ያንፈራገጠው ይደግመዋል። ሂዱ!»

እስከ ዳባት በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። በዚያ ዳገት ላይ ሳንባዬ ሁለት ጊዜ አፌ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። ጸበሉ ከዐለት ሥር የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነው። ሰው ዙሪያውን ከቦ ቆሟል። ወንድሜ እርጥብ ነጠላ ለብሶ፣ ሁለት ጎረምሶች በብብቱ ይዘውት፣ ከንፈሩ ደም ለብሶ ይርገፈገፋል። መነጽራቸውን በክር ያሰሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ በግንባሩ ላይ መስቀል አድርገው ይጠይቃሉ። ልማዱ ነው፤ የገባው ነገር ከየት እንደገባ፣ ማን እንደላከው ተናግሮ ነው የሚወጣው።

«በሥላሴ ስም፣ ተናገር! ከየት መጣህ?»

ወንድሜ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ከጎንደር» አለ።

«ማን ላከህ?»

«ወንድሜ። ታናሽ ወንድሜ ነው የሰጠኝ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ።

«በምን ሰጠህ?»

«በወረቀት ጠቅልሎ። ነጭ ነው። ክብ ነው። ለማንም አትንገር አለኝ።»

«ኧረ መተት ነው!» አለች አንዲት ሴት። «በእናቱ ልጅ! ኧረ የእናቱን ልጅ!» አለች ሌላዋ። ያኔ የወንድሜ ሚስት ቀና ስትል እኔን አየችኝ። እሷ ስትዞር ሌላው ዞረ፤ የሰሜን ደጋ ከነከብቱ የዞረብኝ መሰለኝ።

ብዙ ሰው ስለ እኔ ብዙ ነገር ተናግሯል። እንደዚያ ጋኔን እውነቱን ቁልጭ አድርጎ የተናገረ ግን የለም። አንድ ቃል አልጨመረም። ምንጩን፣ መልኩን፣ አሰጣጡን፣ ማስጠንቀቂያውን ሁሉ በቅደም ተከተል ተናገረ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜዬ ሕዝብ ተሰብስቦ እያየኝ የምለው ቀልድ አጣሁ።

ወደ ቄሱ ሄጄ ከደረት ኪሴ ኪኒኑን አወጣሁ።

«እውነቱን ነው አባ። የሰጠሁት ይህን ነው። ድንገት ስለተወው ነው የሚያንቀጠቅጠው።»

መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አገላበጡት። «አንተም ትወስደዋለህ?»

«እወስዳለሁ።» ያን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለሚስቴ ያልነገርኩትን ለአንድ ሙሉ አድባር ተናገርኩት።

«ታዲያ ምነው አፍህን ቀድመህ አልከፈትህ? መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲመጣ መድኃኒቱን እንዳይተው የምነግረው እኔ ነኝ። እሱም ደበቀኝ፣ አንተም ደበቅኸው።» ወደ ጎረምሶቹ ዞረው «ቃሬዛ አምጡ! ውሃው የትም አይሄድም፤ ወደ ሐኪም ይውረድ» አሉ።

ቄሱ የተናገሩትን የሰማ ያለ አይመስለኝም። ሰው የሰማው «የሰጠሁት ይህን ነው» ያልኩትን ነው። የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ «በአፉ አመነ፤ በአፉ!» ስትል ሰማኋት።

መንገድ ላይ ደገመው። ቃሬዛውን አስቀምጠን፣ በጎኑ አስተኝተን፣ ራሱን ከድንጋዩ ላይ በጉልበቴ ደግፌ፣ እስኪያልፍለት የቆየሁትን ጊዜ በደቂቃ አልነግራችሁም። ስለዚያ ማጋነን አልችልም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ በደም ሥሩ ሰጠው፤ ያንኑ ዲያዜፓም። የሚንቀጠቀጠው አካል ዓይናችን ሥር እንደ ተፈታ ገመድ ላላ። በኋላ ሐኪሙ ሚስቱን ጠርቶ ኪኒኑን እንደገና እንደሚጀምር፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ፣ ወራት ወስዶ እንደሚተወው ነገራት።

«ያንኑ?» አለች። «ያንኑ ነጩን? የወጣለትን ጋኔን መልሳችሁ ልታስገቡበት ነው?»

ሐኪሙ ተቀምጦ አስረዳት፤ እሷም በትዕግሥት አዳመጠችው። ሲጨርስ «እንዳሉት ይሁን» አለች። በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች፣ «ከዚህ ሰው እጅ ግን አይሆንም።»

እንዳለችው ሆነ። ማዘዣው ይጻፋል፣ ባለ መድኃኒት ቤቷ ጎረቤቴ ኪኒኑን እየከፋፈለች ትጠቀልላለች፣ የዳባት ሾፌር ይወስዳል። በሦስት በር ርቀት ያልፈኛል። እሷው ናት እኔንም «ያ አንድ ሰውስ?» ብላ ወደ ሐኪም የላከችኝ። አሁን ሩብ ሩብ በምላጭ እየተቆረጠልኝ እየተውኩት ነው። በቀነስኩ ቁጥር ለአንድ ሳምንት ቆዳዬ ውስጥ ጉንዳን ይሄዳል፣ የባጃጅ ጡሩምባ ሁሉ በእኔ ስም የሚጠራ ይመስለኛል። ሚስቴ አውቃለች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ በአራተኛው ምላጩን ተቀብላ «አንተ እኩል አትቆርጥም» አለችና መቁረጡን ያዘችው።

ከወንድሜ መንደር ሰው ቁጥር ግን ወጥቻለሁ። ለተዝካር ስሄድ ማንም አይሰድበኝም፤ ቦታ ይለቁልኛል፣ ሰፊ ቦታ። ጠላ ቀድቼ የዘረጋሁለት ሁሉ ድንገት ሆዱን ያመዋል። ልክ አይደላችሁም እንዳልላቸው ታሪኩን አጥብቀው ያዙት እንጂ ፈጠራ አልጨመሩበትም። ወንድሙን መረዘው ይላሉ። የትኛውን ቃል ላርም?

ወንድሜ ባለፈው ወር ለሐኪም ቀጠሮ ጎንደር መጣ። እጁ አይንቀጠቀጥም። በቀን አንድ ሩብ ኪኒን ላይ ደርሷል። የጸበሉን ቀን ፈጽሞ አያስታውስም፤ የተናገረውን የሚያውቀው የነገሩትን ያህል ነው። ሱቄ ገብቶ፣ የፍሬን ሸራ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ዳገቱን አማረረ። ውሃ ቀድቼ ዘረጋሁለት።

እጁን አላነሣም። ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጠበቀ።

መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ያኔ ተቀብሎ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጠው።

«ሚስቴ ናት ያስማለችኝ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ሳይቀምስ እንዳትቀበለው ብላ በልጆቼ አስማለችኝ።»

«ደግ አደረገች» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ።